ስትደርሺ ደውዪ

ጀልባው ከሞኮዌ ሲነሣ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። ስልኬን አወጣሁና ስምሽን ፈለግሁ። አለ። ካረፍሽ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ቁጥርሽን ለማጥፋት ግን ጣቴ እስከዛሬ አልታዘዘኝም። ከኮምቦልቻ ደሴ ለቅሶ ልደርስ ስነሣ እንኳን፣ ሐረጎን ወጥቼ ለምጨርሳት መንገድ፣ ደጅ ድረስ ተከትለሽኝ «ስትደርሺ ደውዪ» ትዪኝ ነበር። ይኸው እማዬ፣ ከቤት ከወጣሁ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ሞያሌን ተሻገርኩ፣ ናይሮቢ አደርኩ፣ እስከ ሞምባሳ በባቡር ወረድኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ማሊንዲን አልፌ፣ ስሙ ከጣና ሐይቃችን ስም የሚቀራረበውን የታና ወንዝን ተሻግሬ፣ መሬቱ የሚያልቅበት ቦታ ደረስኩ። የላሙ ደሴት ፊት ለፊቴ ናት። አንድ የጀርባ ቦርሳ እግሮቼ መካከል አለ፤ ከጎኔ የማውቀው ሰው የለም። ደረስኩ የምለው ለማን ነው?

ሞያሌ ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለው ወጣት የትውልድ ቦታዬን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አሰብ» ይላል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም፤ ማኅተሙን መታልኝ። እማዬ፣ ከዚያች ከተማ የቀረኝ ያች ቃል ብቻ ናት። ፎቶ የለንም። አንቺም እኔም እዚያ መኖራችንን የሚመሰክር፣ በፓስፖርት ላይ የተጻፈ አንድ ቃል። አራት ዓመቴ ነበር ስንወጣ። ባሕሩን አላስታውሰውም። የማስታውሰው አንቺ ስታስታውሺው ነው።

ስታወሪ ሁልጊዜ ከሙቀቱ ትጀምሪያለሽ። ቀትር ላይ ከተማው እንደሞተ ሰው ዝም እንደሚል፣ ሌሊት አልጋው ሁሉ ደጅ እንደሚወጣ፣ ውኃ በበርሜል እንደሚገዛ። ካምፖ ሱዳን ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተሽ ለሾፌሮች ምግብ ትሠሪ ነበር። ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲመጣ በድምፁ የማን እንደሆነ ታውቂ ነበር፤ «ይኼ የባቲው ነው፣ ይኼ ሎግያ ያደረው ነው» ትያለሽ። የወደቡን ጫኝና አውራጅ፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ሠራተኛ፣ ከሳምቡክ ላይ ዓሣ ይዞ የሚመጣውን የአፋር ሰው፣ ሁሉንም በሚበላው ነበር የምታስታውሺው። ቡናቸውን በጨው ትሰጫቸው ነበር፣ እንደ አገርሽ። «እዚያ ጨው አይወደድም» ብለሽ ትስቂ ነበር። የክፍሏን በር አረንጓዴ ቀብተሽዋል፤ ከመርከብ የተረፈ ቀለም አንድ ደንበኛሽ አምጥቶልሽ። ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ ውኃ የምታቀዘቅዢበትን እንስራ፣ ሁሉን ነግረሽኛል። ባሕሩን ግን በዓይን ያየሽውን አልነገርሽኝም። «ሽታው ቤት ይገባል» ነበር የምትዪው። ሽታው ብቻ።

በ1990 ግንቦት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ በአንድ ደንበኛሽ መኪና ወጣን። በሩን ቆልፈሽ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠሽ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ጭነት ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፣ ሾፌሮችሽም አብረውት ዞሩ። አንቺ ኮምቦልቻ ቀረሽ። ምግብ ቤት ግን ዳግመኛ አልከፈትሽም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄሽ «እጄ እዚያ ቀረ» አልሽኝ። ሽንኩርት ስትከትፊ በባቲ ቅኝት ታንጎራጉሪ ነበር፣ ሁልጊዜ ይህችኑ፦

ባሕሩን ትቼው ስወጣ ሽቅብ፣
ጨዉ ተከተለኝ በዓይኔ ሊዘንብ።

እንባሽን የሽንኩርቱ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ልጅ ነበርኩ።

የ2011 እንቁጣጣሽ ትዝ ይልሻል? ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት በቴሌቪዥን አየን። ሰው ሲተቃቀፍ፣ ወታደር ከወታደር ጋር ሲጨፍር። አንቺ አልጨፈርሽም፤ ተነሥተሽ ነጠላሽን አጥበሽ አሰጣሽ። «ለፋሲካ እንሄዳለን» አልሽኝ፤ «አሁን ሰው ይበዛል፤ በሩን ከፍቼ ላጸዳው ለፋሲካ ይሻላል።» ከሃያ ዓመት በላይ ተቆልፎ የኖረ በር ከነመቀመጫው እንደሚጠብቅሽ ታምኚ ነበር። ጾሙ ተያዘ። ፋሲካ ሳይደርስ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። አንድም ቀን አላማረርሽም፤ ያን ሰሞን ግን ማንጎራጎር ተውሽ። እኔ ዛሬ የምበሳጨው በዚያ ዝምታሽ ነው። ያኔ አብሬሽ ማልቀስ ነበረብኝ፤ ሥራ አለኝ ብዬ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ላሙን ለምን እንደመረጥኩ ናይሮቢ ውስጥ ያገኘሁት ሁሉ ጠየቀኝ። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ነጭ አሸዋና ርካሽ ማደሪያ ፍለጋ የመጣች ትመስላቸዋለች። ነገሩ ግን ድንበሩ ከመከፈቱም ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 2004፣ የዓድዋ በዓል ዕለት። ምሳ በልተን ዜና ተከፈተ። የኬንያው ፕሬዚዳንት ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር፣ የእኛው መለስ ዜናዊ አንድ ላይ ቆመው የላሙን ወደብ መሠረት ሲጥሉ ታዩ። ከወደቡ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ፣ ባቡር፣ ቧንቧ ይዘረጋል ተባለ። አንቺ ወሬውን ትተሽ ከኋላቸው ያለውን ነገር ታዪ ነበር። «ባሕር ነው?» አልሽኝ። ባሕር ነው አልኩሽ። «ውኃው ከአሰብ ጋር ይገናኛል?» አልሽ። ካርታ አውጥቼ በጣቴ አሳየሁሽ፦ ከአሰብ ወጥተሽ ባብ ኤል መንደብን ስታልፊ፣ ጓርዳፉይን ዞረሽ፣ የሶማሊያን ዳርቻ ይዘሽ ወደ ታች ስትወርጂ፣ ላሙ። ጣቴን በጣትሽ ተከተልሽው። «ታዲያ አንድ ቀን ወደዚያ ውሰጂኝ። አሰብ ካልሆነም የአሰብ ውኃ ይሁን።» እወስድሻለሁ አልኩሽ። ዘጠኝ ዓመት ነበረኝ ልወስድሽ። አልወሰድኩሽም።

ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥታው መጣ። እማዬ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከተማ ነው፣ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሰው ሳይለየው የኖረ ከተማ፤ ግን መኪና የለም ማለት ይቻላል። አሁን አሁን ሞተር ብስክሌት ገብቷል፤ ሆኖም ሲሚንቶውንም ጀሪካኑንም የሚሸከመው አህያ ነው። ከወደቡ ደረጃ ወጥቼ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ በሚተላለፍበት መንገድ ስገባ የሰማሁት የአህያ ኮቴ፣ የአንዲት ሴት የነጠላ ጫማ ድምፅና ከግድግዳ ጀርባ የሚንኮሻኮሽ ሳህን ነበር። ግድግዳው ከባሕር ውስጥ ከወጣ የዛጎል ድንጋይ፣ ጣራው በማንግሮቭ እንጨት። ሣንቃው በአበባና በሐረግ የተቀረጸ ነው፤ እንደ መስቀል ጥበባችን እያንዳንዱ የየራሱ። ከየበሩ ግራና ቀኝ የድንጋይ መደብ አለ፤ «ባራዛ» ይሉታል። ሽማግሌዎቹ እዚያ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንን ነው። እኔን ግን ያስቆመኝ ሌላ ነው። ቤቶቹ ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢያቸው ነው የሚያዩት። ሃምሳ እርምጃ ከባሕሩ እርቄ ባሕሩን አጣሁት። ሽታው ብቻ ግድግዳውን እየዞረ ይከተለኝ ነበር።

ቆምኩ። «ሽታው ቤት ይገባል።»

ያሳደረችኝ ሴት ስልሳውን ያለፈች ናት። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ ራሷ አወረደችውና «ኡመፊካ» አለችኝ። ልጇ እንግሊዝኛ ያውቅ ነበርና ፍቺውን ነገረኝ፤ «ደርሰሻል» ማለት ነው። ያን ቃል ስድስት ቀን ሙሉ ማንም እንዲለኝ ስጠብቅ እንደነበር ያወቅሁት ሲባልልኝ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷ ምንም እንዳላየች ሆና ዝንጅብል ያለበት ቡና በትንሽ ስኒ አመጣችልኝ። ስኳር አልነበረውም። ጨው ትንሽ እንድትጨምርልኝ በእጄ ምልክት አሳየኋት፤ ግራ ገብቷት አመጣች፤ እንደ አንቺ አድርጌ ጠጣሁት።

ከየት እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ ኢትዮጵያ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ «ኡሃበሺ» አለች፣ በቀድሞው ስማችን። ስንት ሰዓት ነው አልኳት። «ሳ ኩሚ» አለችኝ፤ ልጇም ሊያስረዳኝ ተቻኮለ፦ አሥር ሰዓት ማለቷ ነው፣ እናንተ አራት የምትሉት። እኛም አሥር ነው የምንለው አልኩት። አላመነኝም። እናቱ ግን ገባት። እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት አንድ ይላሉ፣ ሁለት ይላሉ፣ ልክ እንደ እኛ። ሴትዮዋና እኔ በጣታችን ሰዓት እየቆጠርን፣ እሷ በስዋሂሊ፣ እኔ በአማርኛ፣ አንድም ቃል ሳንግባባ እስከ አሥራ ሁለት ደረስን። ከአሥራ ሁለት ጥቂት አልፎ መስጊዱ አዛን አለ፤ ፀሐይዋም ወደ ዋናው ምድር በኩል ወረደች። ያን ምሽት በሰው አገር ሰዓቴ ሳይዛነፍ አደርኩ። ልነግርሽ ስልኬን እንደገና አነሣሁ።

ንጋት ላይ ስወጣ ባሕሩ የለም።

ጀልባዎቹ በጎናቸው ጭቃ ላይ ተኝተዋል። ትናንት ውኃ የነበረበት ቦታ ላይ ሸርጣን ይሮጣል፣ ልጆች ይመላለሳሉ። እግሬ ከዳኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የባሕር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጨረቃ የምትስበው ነው፣ በቀን ሁለቴ ይሄዳል ሁለቴ ይመለሳል። ያንቺ ባሕር ግን እንዲህ አይርቅም፤ ቀይ ባሕር ውስጥ ውጣ ውረዱ ትንሽ ነውና አንቺም አልነገርሽኝም። እኔ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህንንም ዘግይቼ ደረስኩበት። አንቺም ቤት እንዲሁ ነበር የደረስኩት፤ በሌሊት መኪና፣ ማልዶ፣ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ። አንዲት ዓሣ ሻጭ አጠገቤ ዘንቢሏን አስቀምጣ አየችኝ፤ እጆቿን ወደ ጭቃው ዘርግታ ስድስት ጣት አሳየችኝ። ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፣ ይመለሳል። ጠበቅሁት። ከደረጃው ሳልነሣ ጠበቅሁት። በመጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ መጣ፤ ከዚያ በቦዩ፣ ከዚያ በጀልባዎቹ ሆድ ሥር፤ አንድ በአንድ አነሣቸው። እኩለ ቀን ላይ ደረጃውን ነካ። ባሕር መመለሱን ያየሁት በዚያ ቀን ነው፤ የማይመለሰውንም ቆጠርኩት።

በዚህ የደሴቶች ሰፈር አንዲት እናት ነበረች። ምዋና ኩፖና ትባላለች፤ የፓቴ ደሴት ሰው፣ የሲዩ ሹም ሚስት። እ.ኤ.አ. በ1858 ታማ ተኝታ ለልጇ ለምዋና ሃሺማ አንድ ረጅም ግጥም ጻፈች፤ ምክርም፣ ጸሎትም፣ ስንብትም ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተች። ግጥሙ እስከዛሬ ከስዋሂሊ ሥነ ጽሑፍ ዋናዎቹ መካከል ይቆጠራል። ስለ እሷ ያነበብኩት እዚህ ሳልመጣ ነው፤ እዚህ ስደርስ ግን ከእንቅልፍ ከለከለችኝ። አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም። የጻፍሽልኝ የለም። ያለኝ እየቆየ የሚሸራረፍ ወሬሽ ነው፤ ባስታወስኩት ቁጥር አንድ ቃል ከእኔ ይገባበታል፣ አንድ ቃል ካንቺ ይወጣል። ቀረጻ እንኳን አልወሰድኩም። ስልክ በእጄ ነበር፤ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ፤ ሽንኩርት ትከትፊ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማንዳ ደሴት ተሻገርኩ። ውኃው ሲሞላ ጀልባ በማንግሮቭ መካከል ገብቶ ታክዋ የምትባል የፈረሰች ከተማ ያደርሳል። መስጊዱ ጣራ የለውም፤ ባኦባብ ዛፎች በቤቶቹ መካከል በቅለዋል። ሰዎቿ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥለዋት ሄዱ፤ ከፓቴ ጋር ጠብ ነበር ይባላል፣ የጉድጓዷ ውኃ ጨው ሆነ ይባላል። ሼላ ወደምትባለው መንደር ነው የተሻገሩት፣ ባሕሩን አቋርጠው ፊት ለፊት። ልጆቻቸው እስከዛሬ ዝናብ ሊለምኑ ታክዋ ወዳለው መቃብር ይመለሳሉ። ጀልባ ቀዛፊው ይህን ሲነግረኝ ቀናሁባቸው፤ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ መመለሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ያንቺ በር ከተቆለፈ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፣ መንገዱም አስፋልት ነው።

አዲሱ ወደብ ከላሙ ከተማ አይታይም፤ በዋናው ምድር በኩል ነው። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ሥራ የጀመረው ግንቦት 12 ቀን 2013 ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በጀልባ አለፍኩበት። ክሬኖቹ ቆመዋል፤ ውኃው ደፍርሷል። ዓሣ አጥማጆቹ በቁፋሮው ማጥመጃቸውን አጥተው ክስ መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤቱ ለአራት ሺህ ስድስት መቶ ያህል ሰዎች ካሳ ፈርዶላቸዋል። ባሕር ለአንዱ ሲከፈት ለሌላው እንደሚዘጋ ጀልባ ቀዛፊው ሳይነግረኝ ፊቱ ነገረኝ። በወደቡ ፕሮጀክት ስም ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። ኤንትሬ ግን አላየሁም። በጨው ቡና የሚጠጣ ሾፌር አላየሁም።

መጨረሻ ላይ ሼላ ሄድኩ። አሸዋው ከመንደሩ ጀምሮ ዓይን እስከሚያየው ይዘረጋል፤ በዚያ ሰዓት ከእኔ በቀር ሰው አልነበረበትም። ጥር ነውና ካስካዚ ይነፍሳል፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ፣ ሳምቡኮቹን ድሮ ከዐረብ አገር ይዞ ይወርድ የነበረው። ካንቺ ወገን የሚመጣ ነፋስ ነው። ቦርሳዬን አሸዋው ላይ ጣልኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። በእፍኜ ጠጣሁት፤ ለአንቺ። ጨው ነው እማዬ። ሌላ ምንም አይደለም፤ ጨው ነው። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያችን ሁለት መስመር አንጎራጎርኩ፣ በባቲ። ቅኝቱን አልሳትኩትም። «ደረስኩ» አልኩሽ። ነፋሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው፤ ቃሌን ወደ ኋላዬ ወሰደው።

ያኔ ነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮኝ የዋለው ጥያቄ በአፌ የመጣው። ሽታው ቤት ይገባል አልሽኝ። ይታይስ ነበር?

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ በአሰብ መንገድ ለነዳችሁ አባቶቼ፣ ወደቡ ላይ ለሠራችሁ፣ ማጣሪያው ለዋላችሁ፣ ካምፖ ሱዳን ለኖራችሁ። ዛሬ ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ ሎግያ፣ ወይም ከዚያ የራቀ አገር ትኖሩ ይሆናል። ከ1990 በፊት ከወሎ የመጣች ቀጭን ጠይም ሴት ነበረች፤ ቡናዋን በጨው ትሰጥ ነበር፣ ሥራ ላይ በባቲ ታንጎራጉር ነበር፣ አንዲት ሴት ልጅ ከእግሯ ሥር አትጠፋም ነበር። በሯ አረንጓዴ ነው። በልታችሁባት ይሆናል። ደጇ ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ይሆናል። እባካችሁ፣ ከዚያ ደጅ ላይ ቀና ስትሉ ባሕሩ ይታይ እንደነበር ንገሩኝ።